የማሕፀን በር ነቀርሳ መንሥኤ እንዴት እንደ ተገኘ

ታላላቅ የሕክምና ግኝቶች ሁሉ በላቦራቶሪ የተወለዱ ይመስለናል። የማሕፀን በር ነቀርሳ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከሟቾች መዝገብ ነው። በ1842 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሪጎኒ ስተርን የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም፣ በቬሮና ከተማ ከ1760 እስከ 1839 የሞቱትን ሰዎች መዝገብ መርምሮ፣ የማሕፀን ነቀርሳ ያገቡትን ሴቶች አብዝቶ ሲገድል በመነኮሳይያት ዘንድ ግን እጅግ ጥቂት መሆኑን አስተዋለ። መዝገብ ማገላበጥ የዕለት ሥራችን ለሆነው ለእኛ ይህ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። ሐኪሙ መንሥኤውን አላገኘም፤ በሽታው ከሩካቤ ጋር አንዳች ግንኙነት እንዳለው የሚያመለክት ፍንጭ ግን ለኋለኞቹ ትቶ አለፈ።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ፣ ብዙ ሊቃውንት ጥፋቱን በሄርፐስ ቫይረስ ላይ ጣሉት። ጀርመናዊው ሃራልድ ጹር ሃውዘን ግን የሄርፐስን ዘረ መል በዕጢው ውስጥ ፈልጎ አጣው። ይህንንም በ1974 በፍሎሪዳ በተደረገ ጉባኤ በተናገረ ጊዜ የሰሚዎቹ መልስ ዝምታ ሆነ። እርሱ የጠረጠረው ኪንታሮት የሚያበቅለውን የፓፒሎማ ቫይረስ ነበር። ወገኑ ብዙ ስለ ሆነ አንዱን ከሌላው ለመለየት ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ በ1983 ቁጥር 16 የተባለውን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ቁጥር 18 የተባለውን ከነቀርሳው ውስጥ ከረዳቶቹ ጋር አገኘ። ቫይረሱ ሕዋሱ ያለ ልክ እንዳይባዛ የሚገቱትን ፕሮቲኖች እንደሚያሰናክልም ኋላ ታወቀ።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሳት የማናልፋት ሴት አለች። ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1951 በባልቲሞር ከተማ በዚሁ በሽታ በ31 ዓመቷ ሞተች። ከዕጢዋ የተወሰደው ሕዋስ ሳይሞት እየተባዛ በዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ተሠራጨ፤ የፖሊዮ ክትባት እንኳ የተፈተነው በእርሱ ነው። ፈቃዷን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ልጆቿም ነገሩን የሰሙት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ቁጥር 18 ቫይረስ ሲፈለግ በዚሁ ሕዋስ ውስጥ ተገኘ። ሊቃውንቱ የሚሹት ነገር ሠላሳ ዓመት ያህል በእጃቸው ኖሮ አላወቁትም ማለት ነው።

ጹር ሃውዘን ክትባት እንዲሠራ የመድኃኒት አምራቾችን ቢጠይቅ፣ ገበያ አይገኝለትም ተብሎ ተመለሰ። መንገዱን የከፈቱት በ1991 በአውስትራሊያ በብሪዝቤን ከተማ ይሠሩ የነበሩት ጂያን ዡና ኢያን ፍሬዘር ናቸው። የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻውን ሲሠራ በራሱ ተገጣጥሞ ክብ ቅርፊት እንደሚሆን አሳዩ፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ በሽታ አያመጣም፤ ሰውነት ግን ጠላቱን በመልኩ ይለምደዋል። ክትባቱ በ2006 ሲፈቀድ ዡ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ጹር ሃውዘን በ2008 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። በእንግሊዝ አገር በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱ በተሰጣቸው ሴቶች ላይ በሽታው በ87 ከመቶ መቀነሱ በ2021 ተገለጸ።

በአገራችን ክትባቱ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በዲሴምበር 2018 ነው። ነገር ግን ቫይረሱ አስቀድሞ ከገባ ክትባቱ አያስወጣውም፤ በሽታውም ተደብቆ ዓሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያል። ስለዚህ ልጅቱን ለክትባት ይዛ የምትመጣው እናት የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ነው፤ ነርሷ የኮምጣጤ አሲድ በማሕፀኗ በር ላይ ቀብታ፣ የነጣ ቦታ እንዳለ የምታይበት የጥቂት ደቂቃ ምርመራ።