በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ድካምን ያስወግዳል?

ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዕረፍት የማያስታግሠው ድካም ሲበረታባቸው፣ ቫይታሚንን እንደ ግሉኮስ በደም ሥር መውሰድን በአማራጭነት ያስባሉ። ከእነዚህ ውህዶች ስመ ጥር የሆነው «ማየርስ ኮክቴል» ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በአሜሪካ ባልቲሞር ይሠሩ ከነበሩት ሐኪም ጆን ማየርስ ነው። ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ የቢ ቫይታሚኖችንና ቫይታሚን ሲን ይዟል።

ማስረጃው ምን ይላል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የታተመ አነስተኛ ጥናት፣ መላ አካልን በሚያሳምመውና በሚያደክመው ፋይብሮማያልጂያ የተያዙ 34 ሰዎችን አሳትፏል። ከፊሎቹ ለስምንት ሳምንታት ውህዱን፣ ሌሎቹ ቫይታሚን የሌለው ፈሳሽ ወሰዱ። ሁለቱም ወገኖች መሻሻል አሳዩ፤ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ግን የቫይታሚኑን ብልጫ ለማረጋገጥ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚል ታማሚ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያሻለው ቫይታሚኑ ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

በምርመራ የተረጋገጠ እጥረት ሲኖር ጉዳዩ ይለያል። ሰውነታቸው ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ መውሰድ ለተሳነው ሰዎች በመርፌ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው። ለስኳር ሕመም የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም የዚህን ቫይታሚን መጠን ሊቀንስ ይችላል።

ማን ይጠንቀቅ?

ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ የታመመ ኩላሊትን ይበልጥ ሊጎዳ፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይም ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ፈሳሹ ራሱ ሸክም ነው።

በመሆኑም አስቀድሞ ደም ማነስን፣ የታይሮይድ ዕጢንና የቢ12 መጠንን መመርመር፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም መንገር ይገባል።