ከመደበኛው የወጣ ባሕርይ

በሥነ ልቦና «ከመደበኛው የወጣ ባሕርይ» የሚለው ስያሜ ከብዙኃኑ የተለየን ድርጊት ሁሉ አያመለክትም፤ ብርቅነት ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ እጅግ የላቀ የማሰብ ችሎታ ያለው ሰውም ከሕሙማን ተርታ በተመደበ ነበር። የኅብረተሰብን ደንብ መጣስ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ መስፈርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1851 አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ካርትራይት ከጌቶቻቸው የሚሸሹ ባሪያዎች «ድራፔቶማኒያ» የተባለ የአእምሮ ሕመም እንደያዛቸው አድርጎ መጻፉ፣ ሳይንስ የሚመስል ቃል ለጭቆና እንዴት እንደሚያገለግል (ያውም ያለ አንዳች ሀፍረት) ያሳያል። ስለዚህ ባለሙያዎች የግለሰቡን ሥቃይና በሥራው ወይም በማኅበራዊ ኑሮው የሚገጥመውን መሰናክል አብረው ይመረምራሉ። ምሁሩ ጀሮም ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው ትንታኔ የአእምሮ መታወክን «ጎጂ የተግባር ጉድለት» ብሎታል፤ ይኸውም አንድ የአእምሮ ሥርዓት ተፈጥሯዊ ተግባሩን መፈጸም ሲሳነውና ውጤቱም በባህሉ ዘንድ እንደ ጉዳት ሲቆጠር ማለት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም በበኩሉ፣ የሚጠበቅና ባህል የተቀበለው ምላሽ፣ ለምሳሌ የቅርብ ሰው የሞተበት ሰው ኀዘን፣ እንደ ሕመም እንዳይቆጠር ቢያሳስብም፣ ኀዘንተኛ በከባድ ድብርት ሊያዝ እንደሚችል ስለሚቀበል፣ ድንበሩን መለየት ለሐኪሙ ፍርድ ተትቷል።