የክፉ አንጎል ዕጢ መንገድ

በአንጎል ውስጥ የበቀለ ክፉ ዕጢ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ስለምን ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ከታሪኩ እንመረምራለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ዋልተር ዳንዲ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም የሕመምተኞችን የቀኝ አንጎል ክፍል በሙሉ ማውጣቱን አስታወቀ፤ ዕጢው ግን ተመልሶ መጣ። ምክንያቱን በ1938 ዓ.ም. ሐንስ ሼረር በማይክሮስኮፕ መርምሮ ገለጠው፤ ይኸውም የዕጢው ሕዋሳት የነርቭ ክሮችንና የደም ሥሮችን ዳር እየተከተሉ ጤናማ ወደሚመስለው ሥፍራ አስቀድመው መስረጋቸው ነው። ስለዚህ ቢላዋ በሚታየው ድንበር ሲቆም በሽታው ድንበሩን አልፎ ይገኛል። የዳንዲ ድካም ግን ከንቱ አይደለም እንላለን፤ መቁረጥ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተማረ እርሱ ነውና። ዛሬም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጨረርና መድኃኒት የሚታከለው ስለዚሁ ነው።