ቁጥር ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ

እኛ የመናኸሪያ ሰፈር ሰዎች ግቤን የምናውቀው ለሐዲያ በስተምዕራብ ወሰን ሆኖ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ግቤ ምን ሆነ?» እንላለን። በዘንድሮው መጽሔታችን ግን ስለ ግድብ ትልቅነት ሳይሆን፣ ብዙ ሰው ልብ ስለማይለው ስለ ቁጥር አገለባበጥ ታሪክ ጥቂት እንጽፋለን። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ የጨረስን ስለሆንን ነገሩ አይርቀንም።

ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር። በዚያ ዘመን የኃይል ጣቢያ ሥራ ባብዛኛው በዓይንና በእርሳስ ነው። ተረኛው እየዞረ የግፊቱን፣ የሙቀቱንና የውሃውን ከፍታ መለኪያ አንብቦ በየሰዓቱ ይመዘግባል፤ ለሌላው ጣቢያ በስልክ ይነግራል። ቆቃ የለቀቀውን ውሃ ከታች ያሉት አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ ደግመው ስለሚጠቀሙበት፣ የአንዱ ቁጥር ለሌላው እንጀራው ነው ማለት ይቻላል።

ዕድር ለአባሉ ቁጥር እንደሚሰጠው ሁሉ፣ መሐንዲስም ጣቢያ ወይም ፋብሪካ ሲነድፍ ለእያንዳንዱ መለኪያ ስምና ቁጥር ይሰጠዋል። በፈረንጅ ፊደል ፒ ለግፊት፣ ቲ ለሙቀት፣ ኤፍ ለፍሰት፣ ኤል ለከፍታ ነው። ይህ አሰያየም በአሜሪካ በ1949 እ.ኤ.አ. በደንብ ተጽፎ ወጣ። ከስሙ ጋር ዝቅተኛውና ከፍተኛው ልክ፣ ስንት ሲደርስ ደወል እንደሚጮህ ይጻፋል። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላ የንድፉ መዝገብ በአንድ ፕሮግራም፣ ማሽኑን የሚያዘው በሌላ ፕሮግራም ሆነ። ሁለቱን የሠሯቸው የተለያዩ ኩባንያዎች ስለሆኑ አይግባቡም። ስለዚህ ሰው ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠር መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል። ኮምፒዩተር ገዝቶ ወደ ካርቦን ወረቀት ዘመን መመለስ ማለት ይኸው ነው!

በእኛም ዘንድ ጸሐፊው ያረመውን ስም ገንዘብ ያዡ በራሱ መዝገብ ሳያርመው ቢቀር፣ ጉዱ የሚታየው በልቅሶው ቀን ነው። በኃይል ጣቢያ ደግሞ እንዲህ ይታያል። በአሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ታውም ሶክ በተባለው ጣቢያ፣ በዲሴምበር 14 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ከተራራ አናት ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ከአፉ አልፎ ፈሰሰና ግንቡ ተደረመሰ። የከፍታ መለኪያዎቹ ያሉበት ቧንቧ ከማሰሪያው ላልቶ ስለነበር ውሃውን አሳንሰው ያነቡ ነበር። ለክፉ ቀን የተቀመጡት ማስጠንቀቂያዎችም ቢሆኑ ከግንቡ ዝቅተኛ ቦታ በላይ ሆነው ስለተገኙ፣ ውሃው እነሱን ሳይነካ በጎን ፈሰሰ። ግንቡ በዓመታት ብዛት ሰምጦ ኖሯል፤ አዲሱ ልኩ ግን ወደ መሣሪያዎቹ አልተሻገረም። የአንድ ቤተሰብ አምስት ሰዎች በጎርፉ ተወስደው ነበር፤ ደግነቱ ሁሉም ተረፉ።

ለዚህ መድኃኒት ከፈለጉት አንዱ ናሙር የሚባለው በ1949 እ.ኤ.አ. በጀርመን የተቋቋመ የፋብሪካዎች ማኅበር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ቁጥር 150 የተባለ መመሪያ አወጣ። ይኸውም የፕሮግራሞቹ ሆድ ዕቃ ሳይነካ፣ ሁለቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት አንድ የጋራ ፎርም ይኑር ማለት ነው። እኛን በጣም ደስ ያሰኘን መመለሻ መንገድ ያለው መሆኑ ነው። በሥራ ቦታ የተለወጠው ልክ ወደ ንድፉ መዝገብ ይመለሳል። አለዚያ ንድፉ በመሳቢያ ውስጥ ሆኖ የድሮውን ሲናገር ይኖራል።

ወደ ግቤ እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው። ውሃው በፎፋ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ሄዶ፣ በጥር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 420 ሜጋ ዋቱን ግቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። (ዋሻው ከምረቃው ጥቂት ቀን በኋላ መደርመሱ የአለት ጣጣ እንጂ የቁጥር አይደለም፤ አናምታታው።) በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግቤ ሦስት ደግሞ 243 ሜትር ከፍታ፣ አሥር ተርባይንና 1,870 ሜጋ ዋት አለው። የእነዚህ ሁሉ ቁጥር አዲስ አበባ ወዳለው የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ይሄዳል። የአንድ መለኪያ ስም በጣቢያው አንድ፣ በማዕከሉ ሌላ ሆኖ ከተጻፈ፣ የሌሊት ተረኛው በመስኮቱ የሚያየው ቁጥር የየትኛው ተርባይን እንደሆነ እንደ ቆቃ ዘመን ስልክ አንሥቶ መጠየቁ አይቀርም።