በጋምቤላ የርዕሰ መስተዳድርና የምክትሉ መንበር፦ የብሔረሰቦች የሥልጣን ድርሻ

የጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት የአምስት ነባር ብሔረሰቦች፣ ማለትም የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ የጋራ ክልል ነው። በሌላ ሥፍራ የምክትል ርዕሰ መስተዳድር ሹመት ብዙም ሳያነጋግር ሊያልፍ ይችላል። በጋምቤላ ግን ሹመቱ ሲሰማ፣ ከፑኝዶ ገበያ እስከ ኢታንግ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ተሿሚው ከየትኛው ብሔረሰብ ነው የሚል ነው።

የጥያቄው ሥር የቆየ ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የክልሉን አስተዳደር በዋናነት የያዘው በአኝዋ ተወላጆች የሚመራው የጋምቤላ ሕዝቦች ነጻነት ንቅናቄ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን ኑዌር ከክልሉ ሕዝብ 40 በመቶ ያህል፣ አኝዋ ደግሞ 27 በመቶ ያህል እንደሆኑ አሳየ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ልዩነቱን አሰፋው፤ ኑዌር ወደ 47 በመቶ ከፍ ሲል አኝዋ ወደ 21 በመቶ ወረደ። አንዱ ወገን ሥልጣን በቁጥር ይመዘን ሲል፣ ሌላው የነባርነትና የመሬት ባለቤትነት መብቱን ያነሣል፤ ቁጥሩ ያደገው ከድንበር ማዶ በመጡ ሰዎች ነው የሚል ክርክርም ያክልበታል። ከሁለቱ መመዘኛዎች አንዱን ብቻ ይዞ ክልሉን ማስተዳደር አልተቻለም። ስለዚህ ርዕሰ መስተዳድሩ ከአንዱ፣ ምክትሉ ከሌላው የሚሆንበት አሠራር እየጸና መጣ።

የምክትሉ መንበር የክብር ብቻ እንዳልሆነ በ1996 ዓ.ም. ታየ። በታኅሣሥ 3 ቀን በጋምቤላ ከተማ በተጀመረው ግድያ በርካታ የአኝዋ ተወላጆች ሕይወታቸውን አጡ፤ ብዙዎችም ወደ ደቡብ ሱዳን ተሰደዱ። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኝዋው ኦኬሎ አኳይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አገር ለቀው ሲወጡ፣ ኑዌር የሆኑት ምክትላቸው ኬት ትዋች የፕሬዚዳንቱን ሥራ በተጠባባቂነት ያዙ። የአንድ ሰው መውጣት የሥልጣን ሚዛኑን ወዲያውኑ የለወጠው ምክትሉ ከሌላው ወገን ስለነበሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንበሩ ተፈራርቋል። ከአኝዋ የሆኑት ኡሞድ ኡባንግ እስከ 2005 ዓ.ም. ክልሉን መሩ። በዚያው ዓመት ቦታው ወደ ኑዌሩ ጋትሉዋክ ቱት ሲዛወር ምክትላቸው አኝዋው ሰናይ አኩዎር ሆኑ። በጥር 2008 ዓ.ም. በሁለቱ ብሔረሰቦች መካከል ደም ያፋሰሰው ግጭት የተነሣው በዚህ ጥምረት ዘመን ነበርና፣ የመንበር ክፍፍል ብቻውን ለሰላም ዋስትና እንደማይሆን አሳይቷል። በ2011 ዓ.ም. ሁለቱም ሥልጣን ሲለቁ ኡሞድ ኡጁሉ ርዕሰ መስተዳድር፣ ታንኳይ ጆክ ምክትል ሆኑ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ዓለሚቱ ኡሞድ ክልሉን ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ሲሾሙ፣ ዶክተር ጋትሉዋክ ሮን ምክትላቸው ሆነዋል። በሁለቱም ጊዜ ዋናው ከአኝዋ፣ ምክትሉ ከኑዌር ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በልዩ ልዩ መንገድ ይዘውታል። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1943 ባልተጻፈ ስምምነት ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ እንዲሆኑ ወስናለች። ቡሩንዲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕገ መንግሥቷ ሁለት ምክትል ፕሬዚዳንቶችን፣ አንዱን ከሁቱ አንዱን ከቱትሲ፣ አቆመች፤ በ2018 ወደ አንድ ምክትል ብትመለስም ምክትሉ ከፕሬዚዳንቱ የተለየ ብሔር ሊሆን ይገባል። ያልተጻፈው ስምምነት ተለዋዋጭ ነው፤ የተጻፈው ደግሞ የሕዝብ ቁጥር ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም።

በጋምቤላ ክፍፍሉ ከሁለቱ መናብርት በታችም ይወርዳል። አኝዋ፣ ኑዌርና ማጃንግ የየራሳቸው ዞን አላቸው። የጎግ ወረዳ ነዋሪ በአኝዋ ዞን ሥር ስለሚተዳደር፣ የጊሎ ዳር ገበሬ የዕለት ጉዳዩን የሚያቀርበው ከራሱ ወገን ለሆነ ሹም ነው። ለእርሱ የምክትሉ ማንነት የሚጎላው ጉዳዩ ከዞኑ አልፎ ወደ ክልል ቢሮ፣ በተለይም ወደ ጸጥታና ወደ በጀት ሲደርስ ነው። አኝዋ፣ ኑዌርና ኦፖ ተቀላቅለው የሚኖሩበት ኢታንግ ግን በየትኛውም ዞን ሳይካተት ልዩ ወረዳ ሆኖ በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ ነው። በዚያ የክልሉ አመራር ስብጥር የሩቅ ወሬ አይደለም።

በሁለቱ ትልልቅ ብሔረሰቦች ክርክር መካከል የሚረሱትም አሉ። ኦፖና ኮሞ በቁጥር እጅግ አነስተኛ በመሆናቸው የራሳቸው ዞን የላቸውም፤ በፌዴራል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 መሠረት ግን እያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል። ከደጋው መጥተው በጋምቤላ ከተማና በጎደሬ አካባቢ ለዘመናት የኖሩት አማራ፣ ካፊቾ፣ ኦሮሞና ሌሎችም በንግዱና በመንግሥት ሥራው ሰፊ ድርሻ ሲኖራቸው፣ የሁለቱ መናብርት ድልድል እነርሱን አይመለከትም።