ኮሚሳሪ (የአሜሪካ ጦር ሰፈር መደብር)

ኮሚሳሪ በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ውስጥ ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የምግብና የቤት ፍጆታ ዕቃዎችን የሚሸጥ የመንግሥት መደብር ነው።

== ታሪክ ==

ቀድሞ ወታደሮች ከቀለባቸው ውጭ የሚያስፈልጋቸውን የሚገዙት ሱትለር ከሚባሉ፣ ጦሩን ተከትለው ከሚነግዱ ሰዎች ነበር። ከከተማ በራቁ ምሽጎች ሌላ ሻጭ ስላልነበረ ዋጋው ይወደድ፣ ብዙ ወታደርም በዱቤ ዕዳ ይያዝ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1866 ሱትለሮችን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ከ1867 ጀምሮ ጦሩ ራሱ ለመኮንኖችም ለተራ ወታደሮችም በመግዣ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። በ1895 ደግሞ ሌሎች ሸቀጦች የሚሸጡበት ፖስት ኤክስቼንጅ የተባለ መደብር በየሰፈሩ እንዲቋቋም ታዘዘ። የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ኮሚሳሪዎች በ1991 በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለሉ። በሒሳቡ ላይ የሚታከለው 5 በመቶ ለመደብሮቹ ግንባታና እድሳት ይውላል።