ዜና መዋዕሉ ለኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዘአሰላ

በ1965 ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ 10 ቀን፣ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት በአርሲ ደጋ፣ በአሰላ አጠገብ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ጠዋት ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ ማታም ያንኑ ያህል ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ስለዚህም ካደገ በኋላ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር እንደ ያዘ ታጥፎ ይታይ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ፣ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ምሩጽ ይፍጠር በሶቪየት ኅብረት ከተማ በሞስኮ በተደረገው ኦሊምፒክ በ10 ሺህም በ5 ሺህም ሜትር ድል አደረገ። ታግሦ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ድንገት ስለሚፈተለክ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ይህም ዜና በሬዲዮ ለሰባት ዓመቱ ኃይሌ ደረሰ፤ ልቡም ወደ ሩጫ ሄደ። አባቱ ግን አልወደዱለትም።

በ1985 ዓ.ም. ኃይሌ በሽቱትጋርት በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። በ1990 ዓ.ም. 10 ሺሁን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ። ስለ ሬኮርዶቹ ብዙ ተጽፏልና እተወዋለሁ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የሲድኒው ኦሊምፒክ ሩጫ ነው።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. የተረከዙን ጅማት እያመመው ለውድድር ቆመ። በመጨረሻው ዙር ቴርጋት ቀድሞ ተስፈነጠረ፤ ኃይሌም ተከተለው። ኩርባውን ወጥተው ቀጥታውን ሲይዙ ቴርጋት ገና ይመራ ነበር። ጥቂት እርምጃ ሲቀር ግን ኃይሌ ደረሰበት፤ ደረቱንም ሰጥቶ ቀደመው። እርሱ በ27:18.20፣ ቴርጋት በ27:18.29 ገቡ፤ አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ሆነ። በዚያው ኦሊምፒክ ሞሪስ ግሪን በ100 ሜትር ተከታዩን የቀደመው በ0.12 ሰከንድ ነበር፤ ኃይሌ ግን ከ25 ዙር በኋላ ያሸነፈው በ0.09 ነው። ስለዚህ ከአጭር ርቀት ሯጮች ጋር ብቈጥረው የሚከሰኝ አይኖርም።

ከዚያ በኋላ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ ወደ ማራቶንም ዞረ። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በበርሊን 2:03:59 ገብቶ፣ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በማንቸስተር ሮጦ ከውድድር ተሰናበተ። በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2011 ዓ.ም. በፈቃዱ ለቀቀ፤ በእርሱም ፈንታ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ተተካች።